ገንዘብ ባይገድባችሁ ኖሮ የትኛውን ሥራ ትጀምሩ ነበር?

ፊደል ነዳፊ (አዲስ አበባ)

በንድፍ ሙያ ላይ ላላችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ግራፊክስ ይሁን ሕንፃ፣ ልብስ ይሁን የቤት ዕቃ ልዩነት የለውም። የቤት ኪራይ፣ የደንበኛ ጥድፊያና የባንክ ዕዳ ባይኖርባችሁ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ገንዘብም እጃችሁ ቢገባ፣ የምትጀምሩት ሥራ የትኛው ነው? ለራሳችሁ ስለምትገዙት ቤትና መኪና አልጠየቅሁም። በሙያችሁ ስለምትሠሩት ነው።

ቀዳሚው እኔ ልሁን። እንጀራዬ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላና የምርት ማሸጊያ ንድፍ ነው። አዲስ ሥራ በጀመርሁ ቁጥር የሚገጥመኝ ችግር አንድ ነው፤ በላቲን ለሚጻፈው ስም ከብዙ ሺህ የፊደል ቅርጾች መካከል አማርጣለሁ፣ ለአማርኛው ግን እነዚያኑ ጥቂቶች መልሼ አነሣለሁ። ኖቶ አለ፣ አቢሲኒካ አለ፣ ከዊንዶውስ ጋር የመጡት ኒያላና ኢብሪማ አሉ። የሠሩልንን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የቡናው ከረጢት፣ የባንኩ ሕንፃና የሐዘን መግለጫው በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ማየት ያመኛል።

ገንዘቡ ቢኖረኝ የምጀምረው ከብራና ነው። ቁም ጸሐፊዎች ካሉበት ገዳም ሄጄ እቀመጣለሁ። መቃው አፉ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም መስመር ይተዋል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የፊደላችን ውፍረትና ቅጥነት የተወለደው ከዚህ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ዘመኑም የየራሱ እጅ አለው። የጥንቱ ጽሕፈት ቀጥ ያለና ማዕዘን የበዛበት ነው፤ በጎንደር ዘመን የመጣው ጉልሕ ጽሕፈት ሰፊና ክብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ረቂቅ ደግሞ ደቃቅ ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሙሉ የፊደል ቤተሰብ ይወጣቸዋል። በየዕለቱ የምናነበው ግን ከማተሚያ ቤት የብረት ፊደል የወረደውን ቅርጽ ነው። ያም ቢሆን የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሮም ላይ ያሳተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እዚያው ሮም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አወጡ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልጨምር። በላቲን አንድን ቃል ለይቶ ለማሳየት ፊደሉን ያዘነብሉታል። እኛም ያንኑ ቀድተን «ሀ»ን እናዘነብላለን፤ ቀጥ ብላ እንድትቆም የተሠራችው ፊደል ልትወድቅ የደረሰች ትመስላለች። የእኛ ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም የሚለዩት በቀይ ቀለም ነበር። ቀይ ቀለም በሌለበት ገጽ ላይ ያንን ክብር የሚተካ ቅርጽ ምን ይሁን? ይህን ጥያቄ ብቻ ለመመለስ ዓመታት መሥራት ደስ ይለኛል።

የሥራው ብዛት ቀላል አይደለም። ለአማርኛ ብቻ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ወደ ሦስት መቶ ይደርሳሉ፤ የብሊን፣ የሰባት ቤት ጉራጌና የሌሎችም ቋንቋዎች ፊደላት ሲታከሉ ከዚያም ያልፋል። ይህ ሁሉ በዘጠኝ የውፍረት ደረጃ ሲነደፍ በሺዎች የሚቆጠር ሥዕል ነው። ይህን የሚያዝ ደንበኛ የለም። ሠርቼ ስጨርስ ለሁሉም በነጻ እለቀው ነበር።

እናንተስ?

የሸማኔ ልጅ (ሽሮ ሜዳ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሣህ። እኔ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ነኝ፤ አባቴ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የሠፈረ ሸማኔ ነው።

የእኔ ምኞት የጥለት መዝገብ ነው። ሥራውን ቀርባችሁ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይልካል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይቀራል። ባለቀለሙን ክር በጣቱ ይዞ የድሩን ክሮች ይቆጥራል፤ ይህን ያህል ያልፋል፣ ይህን ያህል ያነሣል፣ ያስገባል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ስንዝር ጥለት ግማሽ ቀን የሚወስድበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ያለው በአባቴ ጣቶች ላይ ነው። ዓይኑ እየደከመ መጥቷል፤ ከወንድሞቼም ሙያውን የያዘ የለም።

ገንዘቡ ቢመጣ በየሠፈሩ ላሉት አረጋውያን ሸማኔዎች ሙሉ ደመወዝ ከፍዬ የሚያውቁትን ጥለት ሁሉ አንድ በአንድ እንዲሸምኑ አደርጋለሁ። ለቃለ መጠይቅ ተብሎ ሻይ ተጋብዘው የሚሸኙበት ሥራ አይደለም የምመኘው። ናሙናው ይቀመጣል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ የሸማኔው ስም ከጎኑ ይሰፍራል፤ ጥለቱን ከማን እንደተማረው ጭምር።

ሁለተኛው ክሩ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት እስኪፈተል ድረስ ያለው ድካም የእናቶች ነው፤ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ክፍያ የሚደርሳቸውም እነርሱ ናቸው። የእጅ ፈትል ነጠላ በገበያው ዋጋ እየተሸጠ ፈታይዋ የልፋቷን ልታገኝ አትችልም። ገንዘብ ባይገድበኝ መጀመሪያ የማስተካክለው የእርሷን ክፍያ ነበር፤ ነጠላው የሚያወጣውን ያውጣ።

በጥቂቱ (ሐዋሳ)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በጥያቄው አልስማማም። ብዙ ገንዘብ ለንድፍ ይጠቅማል ብዬ አላምንም። በየከተማችን የቆሙትን የመስታወት ሕንፃዎች ተመልከቱ፤ ገንዘብ አላነሳቸውም። ከሰዓት በኋላ ውስጣቸው ይግላል፣ ባለቤቱ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው በላብ ይጠመቃል። አሳቢ ሰው ያልነበረበት ገንዘብ እንዲህ ያለ ሕንፃ ያቆማል።

በተቃራኒው የቡርኪና ፋሶውን ፍራንሲስ ኬሬን ተመልከቱ። ጋንዶ በምትባለው የትውልድ መንደሩ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሸክላ አፈር ጡብ ነው፤ የሠራውም የመንደሩ ሕዝብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያውን ከኮርኒሱ አራርቆ ከፍ ስላደረገው በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፣ ሙቀቱም ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ይህ ሰው በ2022 በሕንፃ ንድፍ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አርክቴክት ሆነ። ሀብት አላስፈለገውም። እኛም ባለን እንጀምር እላለሁ።

ፊደል ነዳፊ

ወንድሜ በጥቂቱ፣ ስለ መስታወት ሕንፃዎቹ የተናገርከው እውነት ነው። የኬሬ ታሪክ ግን የእኔን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስለኛል። ኬሬ በርሊን እየተማረ ሳለ ለዚያ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ያቋቋመው በ1998 ነው። ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ዓመታት ገንዘብ በመለመን አልፈዋል። አንድ የንድፍ ባለሙያ እነዚያን ዓመታት በመለመን ባያሳልፍ ስንት ትምህርት ቤት ይነድፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። የእህታችን አባትም የሚጎድላቸው ወርቅ አይደለም፤ ጥለቱን ሲቆጥሩ የሚውሉበት፣ ገበያ የማይጎትታቸው ጊዜ ነው። እኔ ገንዘብ ስል ይህን ጊዜ የሚገዛውን ማለቴ ነው።

የጭቃ ቤት መሐንዲስ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ እኔ በሕንፃ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ንግግራችሁ ስላስደሰተኝ ልጨምር።

እኔ አንድ ሠፈር እሠራ ነበር። ሐውልት አይደለም፣ ሙዚየምም አይደለም፤ ተራ ሰው የሚኖርበት፣ ልጆች የሚሮጡበት፣ ከጭቃና ከቀርከሃ የተሠራ ሠፈር። ካለቀ በኋላም ለ50 ዓመት እየለካሁ እከታተለው ነበር፤ ዕድሜዬ ባይፈቅድ ለተማሪዎቼ አስረክባለሁ።

ጭቃን የምንንቀው ስለማናውቀው ነው። ጥሩ የጭቃ ግድግዳ እንዲህ ይሠራል፤ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ በውሃ እንዲብላላ ለቀናት ይተዋል። ሽታው ሲለወጥና በእጅ ሲጨበጥ ሳይፈርስ ሲያያዝ ደርሷል ማለት ነው። ያልደረሰውን የለጠፈ ሰው በበጋ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ልስኑ ደግሞ ደቃቅ ጭድ ይፈልጋል። የቤቱ ጠላት ከላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ መሬት መትቶ ተመልሶ የሚረጨውም ነው። ስለዚህ መሠረቱን በድንጋይ ከጉልበት በላይ ማውጣትና የጣሪያውን ክፈፍ ማርዘም ያስፈልጋል። እነዚህን ሁለቱን ችላ ብለን «ጭቃ አይበረክትም» እንላለን።

የዶርዜን ቤት አስቡት። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፣ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ በዚያው ሁኔታ አሥርተ ዓመታት ይኖራል፣ ካስፈለገም ሰው ተረዳድቶ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ማርጀቱ አስቀድሞ በንድፉ ውስጥ ታስቦበታል። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ይህን ያስተማረን አልነበረም፤ አገራችን ግን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል የቀርከሃ ደን አላት።

ምን ከለከለህ ብትሉኝ፣ ለጭቃ ቤት ብድር የሚሰጥ ባንክ አላገኘሁም፤ ደንበኛውም የጎረቤቱን ብሎኬት አይቶ ያፍራል። ሰው ዞማ ሙዚየምን ሄዶ ካየ በኋላ ግን አነጋገሩ ይለወጣል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ በላዩ ላይ ያለውን የእጅ ቅርጽ ቀርባችሁ ስታዩት እንደ ጥልፍ ነው። ጭቃ የድኻ ነው ብሎ የሚከራከረኝን ሰው ወደዚያ እወስደዋለሁ።

በጥቂቱ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ልጠይቅዎ፤ ሠፈሩ በአዲስ አበባ የመሬት ዋጋ ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ያዋጣል? ሰው እየበዛ ነው።

የጭቃ ቤት መሐንዲስ

ልጄ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሐል አዲስ አበባ ላይ አያዋጣም። እኔ የማስበው ስለ ወረዳ ከተሞች ነው። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ የሚተካው እዚያ ነው፤ ሲሚንቶው ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፣ ዋጋውም መንገድ ላይ ይጨምራል። እዚያ መሬት አለ፣ አፈር አለ፣ የሚያውቁ እጆችም ገና አሉ።

መንገድ አመልካች (አዲስ አበባ)

የእኔ ሙያ ምልክትና ካርታ ነው። ገንዘብ ባይገድበኝ ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት አንድ ወጥ የሥዕል ቋንቋ እነድፍ ነበር፤ ለቀላል ባቡሩ፣ ለአውቶብሱ፣ ለታክሲውም።

መነሻዬ የሜክሲኮ ከተማ ምድር ውስጥ ባቡር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ሲከፈት እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋር የራሱ ሥዕል ተሰጠው። ንድፉን የመራው ላንስ ዋይማን ነው፤ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈበትን የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አርማ የነደፈውም እርሱ ነው። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችለው ተሳፋሪ ብዙ ነበር፤ ስለዚህ «ዳክዬዋ ያለችበት ጣቢያ ውረጂ» ተብሎ አቅጣጫ መንገር ተቻለ። ዛሬም ማንበብ የሚችለው ሁሉ በሥዕሉ ይጠቀማል።

እዚያ መስመር ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ስላልተቀበለች በ1954 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱ ሲጎበኟት አንድ አደባባይ በአገራችን ስም ተሰየመ፤ በኋላ የተሠራው ጣቢያም ስሙን ከዚያ ወሰደ። የጣቢያው ሥዕል የአንበሳ ራስ ነው። በየቀኑ ስንት ሜክሲኮአዊ አንበሳውን አይቶ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ አለ፣ የቀላል ባቡር ጣቢያም አለው። በዚያ ጣቢያ ላይ ግን አንዲትም ሥዕል የለም።

የእኛ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ ሰው የሚወርድበትን የሚያውቀው በመስኮት ሰፈሩን አይቶ ነው፣ ሲመሽ ደግሞ በመጠየቅ። ለገሃርን በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ገጽታ መሣል ይቻላል። ልደታን በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት። ስታዲየምን በሯጭ። ለሌሎቹ ሠፈር ለሠፈር ሄጄ ነዋሪውን እጠይቃለሁ፤ ከቢሮ ሆኖ የሚወሰን አይደለም፣ ምክንያቱም ሠፈሩን የሚያስታውሰው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ የኖረው ሰው ነው። ሥዕል አማርኛ ለሚያነበውም፣ አፋን ኦሮሞ ለሚያነበውም፣ ከገጠር ዛሬ ለገቡት እናትም እኩል ይናገራል።

ታክሲው ይከብዳል። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ «መገናኛ፣ መገናኛ!» ሲል የሚሰማ ሰው ይሳፈራል፤ መስማት የተሳነው ግን ከመኪና መኪና እየዞረ ከንፈር ያነባል። ለእርሱ ሲባል ብቻ እንኳ ሥራው መሠራት አለበት።

ዘውዲቱ ሠፈር

የአንበሳውን ጣቢያ አላውቅም ነበር። መስማት ስለተሳናቸው ያነሣኸው ደግሞ እህቴን አስታወሰኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ።

የላስታ ልጅ (ላሊበላ)

እኔ በቅርስ ጥገና ላይ እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ነው።

አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች ጋር ይቆጠራሉ። ዝናብ በስንጥቆቹ እየገባ ዓለቱን ስለጎዳው በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚሸፍኑ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ቤተ ጊዮርጊስ አልተሸፈነም። መጠለያዎቹ ለጊዜው ተብለው ነበር የመጡት፤ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ነፋስ ሲበረታ ካህናቱም ምዕመናኑም ዓይናቸው ወደ ብረቱ ምሰሶ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ዓለት ስንት ክብደት እንደሚችል ይጨነቃሉ። እኔም እጨነቃለሁ።

ገንዘብ ባይገድበኝ ክረምት ሲመጣ የሚዘረጋ፣ መስቀል ሲጠባ የሚነሣ ቀላል ሽፋን እነድፍ ነበር። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የጥንቶቹን የውሃ መውረጃ ቦዮች አጠናለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ከዓለት ፈልፍለው ያወጡት ሰዎች ስለ ውሃ ሳያስቡ አልሠሩም፤ ግቢው፣ ቦዩና ጉድጓዱ አንድ ላይ የተነደፈ ነው። የደፈነውን ደለል አውጥቶ ውሃው በፊት በሄደበት መንገድ እንዲሄድ ማድረግ ብዙ ብረት አይፈልግም። የሚፈልገው ትዕግሥተኛ ጥናትና ዓመት ሙሉ የሚከፈላቸው የአካባቢው ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። ለጥገና የሚመጣው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ያለው ነው፤ ዓለቱ በሁለት ዓመት ፕሮጀክት አይጠገንም።

በዚያው ላይ ምዕመኑን አስቡ። ለገና ከሩቅ አገር በእግሩ ሲመጣ የሚታጠብበት፣ የሚጸዳዳበት፣ ብርድ የሚያልፍበት ቦታ በወጉ አልተነደፈለትም። እናት ልጇን አዝላ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ታድራለች። ለእርሷ የሚሆን ማረፊያ ብነድፍ ከየትኛውም ሽልማት ይበልጥብኛል።

ከሜሪላንድ

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የውስጥ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። የእኔ ምኞት ከእናንተ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ አንድ አዳራሽ ነው።

እዚህ ሰው ሲሞትብን የምንሰበሰበው አፓርታማ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ሰው ይገባል ይወጣል፣ ጎረቤት ስለ መኪና ማቆሚያው ያማርራል፣ ሽማግሌዎቹ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ታች ቆመው ያለቅሳሉ። አዳራሽ ከተከራየን ደግሞ ሰዓት አለው፤ ልቅሶ በሰዓት አያልቅም። ክርስትናውም፣ ሠርጉም፣ የዕድሩ ስብሰባም እንደዚያው ነው። ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ሁሉም ደንግጦ ይነሣል፣ እናቴ መቁያዋን ይዛ በረንዳ ላይ ትወጣለች።

የምነድፈው አዳራሽ ቡና የሚቆላበት ቦታ አለው፤ ከበላዩ ጭሱን ስቦ የሚያወጣ ክፈፍ፣ ዙሪያውን ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ መሬቱም ሣር ሲጎዘጎዝበት የማይበላሽ። ለምጣድ እንፋሎቱን የሚያወጣ ወጥ ቤት፣ ዐሥር ሴቶች ተጋፍተው ሳይሆን ተቀምጠው ሽንኩርት የሚልጡበት። ለቀስተኛው የሚቀመጥበት ክፍል ከዋናው በር አይታይም። የአሜሪካ አዳራሽ ሰው ወደ አንድ መድረክ እንዲመለከት ተብሎ ነው የሚነደፈው። የእኛ ሰው ግን የሚቀመጠው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው፤ መጥቶ ሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ የሚቀመጠውም ሥራ እየሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ክፍል መንደፍ እፈልጋለሁ። ዕድራችን ገንዘብ ቢያዋጣም በዚህ አካባቢ መሬት መግዛት አቅሙ አልፈቀደለትም።

አናጢው (ጅማ)

የእህታችን አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡትን በርጩማዎች እኔ እሠራለሁ።

የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። ምስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አይወዛወዝም። መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ የሚወጣው በመጥረቢያና በመሮ ነው። ዋንዛ ተመራጭ የሆነው ለመፈልፈል እሺ ስለሚልና ሲደርቅ በቀላሉ ስለማይሰነጠቅ ነው። ነገር ግን ዋንዛ የት አለ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ከልክሏል፤ ትክክልም ነው። ገበያ ላይ የማገኘው ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ሻጩ ዓይኔን አያየኝም። ስለዚህ አልገዛም፣ በባሕር ዛፍና በፓነል እሠራለሁ።

ገንዘብ ቢኖረኝ የምተክለው ዋንዛ ነው። ቡና ገበሬው ዋንዛን ለቡናው ጥላ ይፈልገዋል፤ እኔ ችግኙን እሰጠዋለሁ፣ እስኪያድግ በየዓመቱ እከፍለዋለሁ፣ ሲደርስ ለበርጩማ የሚሆነውን ቆርጦ ይሸጥልኛል፣ በምትኩም ይተክላል። ከተተከለው ግንድ ወንበር የሚፈለፍለው ልጄ ነው፣ ምናልባትም የልጄ ልጅ። እስከዚያ ድረስ የትኛው ቅርጽ ትንሽ እንጨት እንደሚያባክን እያጠናሁ በወረቀትና በጭቃ እሠራለሁ። አሁን ባለው አሠራር ከግንዱ አብዛኛው ፍልጥ ሆኖ ይነዳል።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። የሸማኔ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ እህቴ። የጥለቱን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ታደርጊዋለሽ? ፊደል ነዳፊ ፊደሉን በነጻ እለቃለሁ ብሏል፤ ያንቺስ?

የሸማኔ ልጅ

አላደርገውም። በፋብሪካ የታተመ አስመሳይ ጥለት ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሽመና ይመስላል፣ ዋጋው ግን የአባቴን ክር እንኳ አይገዛም። መዝገቡን ክፍት ባደርገው መጀመሪያ የሚያወርደው ያ ፋብሪካ ነው። ለእርሱ ደክሜ ናሙና አዘጋጅቼ ልሰጠው?

ፊደል ነዳፊ

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ነገር ግን የተዘጋ መዝገብ ማን ያየዋል? ወጣቱ ነዳፊ ጥለቱን ካላየ ከኢንተርኔት ያገኘውን ይቀዳል። የእኛ ፊደል እስከ ዛሬ የተጎዳው በመደበቁ ነው፤ ብራናዎቹ ተዘግተው ስለተቀመጡ ነዳፊው የሚያውቀው የማተሚያ ቤቱን ቅርጽ ብቻ ሆነ።

የሸማኔ ልጅ

ወንድሜ፣ ፊደልና ጥለት አንድ አይደሉም። አንተ ፊደል በነጻ ስትለቅ ቁም ጸሐፊው ደንበኛ አያጣም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚጽፈው ብራና በኮምፒውተር አይተካም። የእኔ ጥለት ሲለቀቅ ግን ያው ቀን አባቴ ገበያ ያጣል። የሚተዳደርበት ነው።

የጭቃ ቤት መሐንዲስ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሥዕሉ ይታይ፣ ቁጥሩ ይቆለፍ ብንልስ? ተማሪው ጥለቱን ዓይቶ ይማራል፤ መሸመን የፈለገ ሰው ደግሞ ሸማኔው ዘንድ ሄዶ፣ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ከፍሎ ይማረዋል።

የሸማኔ ልጅ

ጋሼ፣ ማሽን ሥዕል ካየ ቁጥሩን አይፈልግም፤ ሥዕሉን ያትመዋል። እኔ የደረስሁበት እንዲህ ነው። መዝገቡ የሸማኔዎቹ ማኅበር ንብረት ይሆናል፤ የኔም፣ የሙዚየምም፣ የመንግሥትም አይደለም። ተማሪ በአካል መጥቶ ጨርቁን በእጁ ይነካዋል፣ ይሥላል፣ ይጠይቃል፤ ክፍያ የለበትም። ለንግድ የፈለገ ከማኅበሩ ጋር ይዋዋላል፣ ከየሽያጩም ለጥለቱ ባለቤትና ለፈታይዋ ድርሻ ይደርሳል። ከሸማኔዎቹ መካከል ጥለቴ ለሁሉም ይታይ የሚል ካለ የራሱን ይክፈት፤ ውሳኔው የእርሱ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሽሮ ሜዳ ስትመጣ አባቴ ዘንድ እወስድሃለሁ። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ጥለት አይሠራም።